አምስት ክረምት የተሰጠው እርሳስ

አንድ ጥያቄ ከተማሪነቴ ጀምሮ አብሮኝ ይኖራል። አንድ ነገር ጎጂ መሆኑ ከታወቀበት ቀን አንስቶ እስከሚቆምበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ የማን ነው? ጥያቄውን ያሳደረብኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያነበብኩት ስለ ወፍ አደን የሚያወራ ጽሑፍ ነው። ለመዝናናት የሚያድኑ ሰዎች የእርሳስ ጥይት ይተዉ ወይስ አይተዉ፣ ይተዉ ከተባለስ ዛሬውኑ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የሚል ረጅም ክርክር ነበር። የሁለቱንም ወገን ቃል አነበብኩ። ለሰው ላስረዳ ስሞክር ግን ቃላቱ ይጠፉብኛል። ስለዚህ በታሪክ አድርጌ ጻፍኩት።

አንድ ንጉሥ ነበረ። ከቤተ መንግሥቱ በታች ሰፊ ሐይቅ ነበረው። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ዳክዬና ዝይ ከሩቅ አገር እየመጡ ያርፉበታል። ያን ጊዜ ንጉሡና መኳንንቱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወፍ ይተኩሳሉ። የሚተኩሱት ርቧቸው አልነበረም፤ በሬውም በጉም በየበረቱ ሞልቷል። ደስ ስለሚላቸው ነበር። ጠመንጃቸው በአንድ ተኩስ እንደ ማሽላ ፍሬ የደቀቀ እርሳስ ይበትናል። ጥቂቱ ወፉን ያገኘዋል፤ የቀረው ውሃው ውስጥ ይሰምጣል።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ከተኩስ በኋላ በሚደረገው ግብር ላይ የወፉን ሥጋ ሲበላ ጥርሱ እርሳስ የነካ ሰው "ወጣልኝ!" ብሎ ይጮኻል። እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ፍሬው በማር ይለወስና በቤቱ ካሉት ልጆች ለትንሹ ይሰጣል፤ ልጁም ይውጠዋል። የአዳኝ ልብ ይሆነዋል ይባል ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ አልነበረም።

ንጉሡ የውብዳር የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው። በስድስት ዓመቷ ዳዊት ታነባለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ንጉሡ "እስቲ አንድ ገጽ አንብቢላቸው" ይልና እሱ ራሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ሰው እንዳያይበት ነበር።

የሐይቁ ጠባቂ ዘርጋው ይባላል። ሥራው ሸንበቆ ማጨድ፣ ታንኳ መጠገንና የሞተ ወፍ መልቀም ነበር። በአንዱ ዓመት ዘጠኙ ቀን አልቆ ጠመንጃው ሁሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ወፎቹ መሞታቸውን እንዳላቆሙ አስተዋለ። ክንፋቸው እንደ ረጠበ ጋቢ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ሰው ሲቀርባቸው አይበሩም። እየከሱ፣ እየከሱ ዳር ላይ ይተኛሉ። አንዱን አንስቶ ላባውን እየገለጠ ቁስል ፈለገ፤ አላገኘም። በቢላዋ ጨጓራውን ከፈተው።

ወፍ ጥርስ የለውም። የበላውን እህል የሚፈጨው ጠጠር እየለቀመ በመዋጥ ነው። ከጠጠሩ መሐል ዘርጋው አምስት የእርሳስ ፍሬ አገኘ። ከመፈጨታቸው ብዛት ሳስተውና ለስልሰው ያብረቀርቁ ነበር። በማግሥቱ ከእንደዚያ ያለ ዳክዬ የበላ አንድ ንስር ዛፍ ሥር ወድቆ አገኘ። አምስቱን ፍሬ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ንጉሡ ወጣ።

"ጃንሆይ፣ ይህ ፍሬ ከጨጓራው የወጣው ወፍ አልተመታም።"

"ታዲያ ማን ገደለው?"

"እኛው ነን። ስተን የጣልነውን ለቅሞ ነው የሞተው።"

ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም። ፍሬዎቹን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አያቸውና በማግሥቱ ጉባኤ ጠራ።

መጀመሪያ የተነሳው የአደን አለቃው ነበር። "ጃንሆይ፣ ዘርጋው ከዳክዬ ጋር ሲኖር ከርሞ ቋንቋቸውን ለመደ መሰለኝ" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

"ቋንቋቸውን ብለምድማ ጌታዬ" አለ ዘርጋው፣ "ስለ እርስዎ አነጣጠር የሚሉትን እነግርዎ ነበር።"

ሳቁ በረታ። አለቃው ከንፈሩን ነከሰ። "እሺ፣ እርሳሱን ተውነው እንበል። በምን ልንተኩስ ነው?"

"በብረት።"

"ብረት ቀላል ነው። ከሩቅ ወፉን ያቆስለዋል እንጂ አይጥለውም። ቆስሎ ሸንበቆ ውስጥ ሦስት ቀን ሲያጣጥር ነው የምትወደው? ለወፍ ያዘነው ታዲያ ማናችን ነን?"

"ቀረብ ብሎ መተኮስ ነዋ፣ ጌታዬ።"

"የአባቶቻችን ጠመንጃስ? ብረት አፈሙዙን ይፍቀዋል።"

ዘርጋው ስለ ጠመንጃ ብዙ አያውቅም። ቀጥሎ ጥይቱን የሚሠራው ሽማግሌ እርሳስ አቅላጭ ተነሳ። "አባቴ እርሳስ እያቀለጠ አሳደገኝ። እኔም አርባ ዓመት አቀለጥኩ። ይኸው ቆሜ እናገራለሁ! የታል ጉዳቱ?" አለ። የያዘው የጠጅ ብርሌ እየተንቀጠቀጠ እጁ ላይ ይፈስ ነበር፤ አንጓው ዝሎ ብርሌውን ቀና አድርጎ መያዝ አልቻለም። ያየው ሁሉ የንጉሡ ግርማ አስፈርቶት ነው ብሎ አለፈው።

ንጉሡ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ ሲል ፈረደ። "ዘርጋው እውነቱን ነው። አለቃውም የተናገረው ውሸት አይደለም። የኖረ ነገር በአንድ ቀን አይተውም። አምስት ክረምት ሰጥቻችኋለሁ። እስከዚያ እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ ይተው።"

ሁሉም እጅ ነሣ። ዘርጋውም ደስ ብሎት ወደ ሐይቁ ወረደ። እውነተኛ ነህ ተብሏልና ሥራው ያለቀ መሰለው።

በመጀመሪያው ዓመት እርሳስ የተወ ሰው አልነበረም። አለቃው "ጃንሆይ ሲተዉ እተዋለሁ" አለ። መኳንንቱ "አለቃው ሲተው" አሉ። ንጉሡ ደግሞ ብረቱ በደንብ እስኪሠራለት ይጠብቅ ነበር፤ ጊዜም ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ግብር ላይ ንጉሡ ሥጋውን ሲያላምጥ ድንገት ቆመና በጣቱ አንዲት ፍሬ ከአፉ አወጣ። "ወጣልኝ!" አለ። እልልታው ቀለጠ። ማሩ መጣ። የውብዳር እየሳቀች አፏን ከፈተች።

ዘርጋው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አየ። የዚያ የከፈተው ዳክዬ ጨጓራ ትዝ አለው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ በዙሪያው ያለውን ደስታ አየ፤ የአለቃውን ዓይን አየ። አምስት ክረምት ተሰጥቷል፣ ፍርዱም የንጉሡ ነው ብሎ አሰበ። አንዲት ፍሬ ምን ታደርጋለች ብሎም አሰበ። እርምጃውን መለሰ።

ግብሩ ዘጠኝ ቀን ነው። ከንጉሡ ገበታ የወጣው ፍሬ ሁሉ የእሷ ነበር። በሁለተኛው ዓመትም ዘጠኝ ቀን፣ በሦስተኛውም ዘጠኝ ቀን።

የውብዳር በመጀመሪያ ሆዷን ትጨብጥ ጀመር። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፤ የምትወዳትን ሞግዚቷን መታች። ከዚያ ፊደል እየጠፋት ሄደ። አንድ ቀን እንግዳ መጣና ንጉሡ እንደ ልማዱ "አንብቢላቸው" አለ። ዳዊቱን ገለጠች። ገጹን ረጅም ጊዜ አየችው። "አባባ፣ ዛሬ ዝም ይላሉ" አለች ፊደሎቹን እያሳየች። ንጉሡ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። በዚያ ቀን የደበቀው ኩራቱን አልነበረም።

ዓይን በልቷት ነው አሉ፤ ጸበል ወሰዷት። ደብተራም መጣ፣ ሐኪምም መጣ። በከተማው ውስጥ እንደ እሷ የዘገዩ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጅ ደብቆ ስለያዘ ማንም ደምሮ አላያቸውም።

በአራተኛው ዓመት፣ ዘጠኙ ቀን ሊጀመር ሲል፣ የውብዳር ከሞግዚቷ ጋር ወደ ሐይቁ ወረደች። ክንፏ የተንጠለጠለ አንዲት ዳክዬ ዳር ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ዳክዬዋ አልሸሸችም።

"ምን ሆና ነው?" አለች።

"ደክሟት ነው፣ እመቤቴ" አለ አጠገባቸው ሸንበቆ ያጭድ የነበረው ዘርጋው።

"እኔም ደክሞኛል" አለች። "እሷንም ማር ያበሏታል?"

ዘርጋው ማጭዱን ከእጁ ጣለ። ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ፣ እግሩ ጭቃ እንደሆነ ወደ ንጉሡ ገባና መሬት ላይ ተደፋ። የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ።

ንጉሡ ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ "መቼ ነው ያወቅኸው?" ሲል ጠየቀ።

"በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን። ስትውጥ አይቻለሁ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"አምስት ክረምት ሰጥተው ነበር፣ ጃንሆይ። ገና ጊዜ ነበረ።"

ንጉሡ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቃሉ የራሱ መሆኑን ሲያውቀው መልሶ ዘጋው።

በዚያው ጠዋት አዋጅ ወጣ። የተቀመጠው እርሳስ ሁሉ ከየቤቱ ተሰብስቦ ጉድጓድ ገባ። በአንድ ቀን አይሆንም የተባለው ነገር ምሳ ሳይደርስ ሆነ። አለቃው ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ በብረት መተኮስ ተለማመደ፤ ከወፉ ጥቂት ቀረብ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ወሩ ሳያልቅ እንደ ድሮው ይመታ ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑ ንጉሡን ከሁሉም በላይ አሳመመው።

ሐይቁ ግን የዋጠውን አልተፋም። የድሮው ፍሬ እስከ ዛሬ ጭቃው ውስጥ ነው፤ ዳክዬዎቹም ከጠጠር ጋር ይለቅሙታል። የውብዳር አልሞተችም። አደገች። ዳዊቷን ታቅፋ ውሃው ዳር ትቀመጣለች፤ አትገልጠውም። ዘርጋው በየቀኑ ከጎኗ ሆኖ ሸንበቆ ያጭዳል። ንጉሡ ከሥራው አላባረረውም፤ ማባረር ከጀመረ ከራሱ መጀመር ነበረበትና።

ጎጂ መሆኑን ላወቅነው ነገር ጊዜ ስንሰጥ ከራሳችን ቆርሰን የሰጠን ይመስለናል። የሰጠነው ጊዜ ግን ወደ ጉባኤው ያልተጠሩት ነው፤ የወፎቹና የልጆቹ። እያወቀ ዝም ያለም ሰው በድርሻው ጊዜ ሰጪ ነው። እርስዎስ፣ አንባቢዬ፣ በሩ አጠገብ ቆመው እርምጃዎን የመለሱበት ቀን የለም?

እኔ አለኝ። አጎቴ ጋሽ ተሰማ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ጅግራ ያድናል። ያደነውን ይዞ ቤታችን ይመጣል፤ ወጥ ይሠራል፤ ሁላችንም እንበላለን። ጥርሴ የእርሳስ ፍሬ ሲነካ ማንም ሳያየኝ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። "ይቺ ልጅ ዝምታዋ ደስ ሲል" ይላል ጋሽ ተሰማ። የወንድሜ ትንሽ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትጎርሰው ከእሱ እጅ ነው።

የሰበሰብኳቸው ፍሬዎች አሥራ አንድ ደርሰዋል። የፊታችን እሑድ፣ ማንም እጁን ሳይሰድ፣ ገበታው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። እንዲህም እላለሁ፦ "ጋሼ፣ ልጅቷን ከማጉረስህ በፊት ስማኝ።"