ሞተሩን ፍለጋ የሄደው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበረ፤ ስሙ ተካልኝ ነው። ከሐይቅ ዳር ከተሞች በአንዷ ይኖር ነበር። ያለው አንድ አሮጌ ላንድሮቨር፣ አንዲት ሚስትና ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበሩ። ላንድሮቨሩ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ሜዳ ላይ ያንጎራጉራል፣ ማርሽ ሲቀየርለት ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሚስቱ ዘነበች ይህን ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ጀምራ ትለየዋለች። የያዘችውን ሥራ ጥላ ትነሳና የቆርቆሮውን በር ወለል አድርጋ ትጠብቀዋለች። ተካልኝ በገዛ ደጁ ላይ ክላክስ ነክቶ አያውቅም።

ከዕለታት በአንዱ ባሕር ማዶ ጥሩ ሥራ አለ ሲባል ሰማና ሄደ። ለአጭር ጊዜ ነው ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ሳይል የሚሄድ ሰው የለም። መጀመሪያ ገንዘቡ አልጠራቀም አለው፣ ቀጥሎ ወረቀቱ አላልቅ አለው፣ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ኋላ ተከፍቶ ነበር። እሱ ግን ባዶ እጁን መመለስ አፈረ። ባዶ እጁን ላለመመለስ የሚቆይ ሰው ወደ ባዶ ቤት እንደሚመለስ የነገረው አልነበረም።

ዘነበች በክፉ ቀን ሞተሩን አስወርዳ ለአንዲት የሽንኩርት ገበሬ ሸጠችው፤ ልጇንም ከረሃብ አተረፈችበት። የመኪናው ገላ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀረ። ዶሮዎች የሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። ዘነበች ግን እስክትሞት ድረስ፣ በመታጠፊያው በኩል የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

ልጅቱ ይመኙሻል አባቷን በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አታውቀውም። የላንድሮቨሩንም ድምፅ ከእናቷ ወሬ እንጂ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። «ይመጣል» ሲባል ግን አምና አደገች። ሆቴል ቤት ሳህን እያጠበች ካጠራቀመችው ላይ፣ ገደል ከገባ ሚኒባስ የወጣ ሞተር በርካሽ ገዛችና መካኒክ ጠራች።

መካኒኩ ላንድሮቨሩን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ሳቀ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሌላ መኪና ሞተር ነው። ለሽማግሌ የጎረምሳ ልብ ስፋለት ነው የምትይኝ?»

«ከሄደልኝ ስፋው።»

«ኮፈኑ አይዘጋም።»

«አባቴ ሲመጣ በእግሩ ከሚሄድ ኮፈኑ ባይዘጋ ይሻላል።»

መካኒኩ ቆረጠ፣ በየደ፣ የሞተሩን መቀመጫ እንደገና ሠራ። ኮፈኑ እንዳለውም አልዘጋ ሲል መሃሉን ቀደደና የቆርቆሮ ቆብ ገጠመበት። ላንድሮቨሩ እንደ ግመል ሻኛ አወጣ። ግን ተነሣ፣ ከግቢም ወጣ።

ተካልኝ ፀጉሩ ሸብቶ መጣ። መጀመሪያ የዘነበች መቃብር ዘንድ ሄዶ አለቀሰ። ሲመለስ ይመኙሻል የመኪናውን ቁልፍ በሁለት እጇ አቀረበችለት። ይህን ቀን በሐሳቧ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። እሱ ገባ፣ ቁልፉን ጠመዘዘ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፣ ያለ ምንም ማቃሰት።

ተካልኝ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ድምፁ የት ሄደ?» አለ።

«የምን ድምፅ አባባ?»

«ይሄ የኔ መኪና አይደለም።»

ይመኙሻል አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ወዲህ በዚያው መኪና ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን ያስተዳድር ጀመር። ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አላስቀረውም። አመሻሽ ላይ ግን ግቢ ይገባና አይወርድም። ይመኙሻል በሩን ዘግታ ስትመለስ መሪውን እንደያዘ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

«አባባ፣ እራት ይቀዘቅዛል።»

«እናትሽ ይሄን ድምፅ ብትሰማ በሩን አትከፍትልኝም ነበር» አላት አንድ ምሽት።

ልጅቱ እራቱን ልታሞቅ ገባች።

በመጨረሻ ተካልኝ አልቻለም። ሞተሩን የገዛችው ገበሬ የት እንዳለች ጠያይቆ፣ መካኒኩን አሳፍሮ ወደ ሐይቁ ማዶ ነዳ። ለልጁ የነገራት «ሥራ አለኝ» ብሎ ብቻ ነው። የሽንኩርቱ ማሳ ዳር ሲደርስ መኪናውን አጠፋ። ያኔ ሰማው። ከሸምበቆው ጀርባ ያቃስታል፣ ያንጎራጉራል። ተካልኝ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ጎልማሳ ነበር፤ ዘነበችም ከመታጠፊያው ወዲያ፣ በሩ አጠገብ ነበረች።

ሞተሩ እንጨት ላይ ታስሮ ከሐይቁ ውሃ ይስባል። ሞተሩን የገዛችው ገበሬ አዴ ዱሬቲ እግሯ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ቦይ ታቀና ነበር።

«እናቴ፣ ይሄ ሞተር የኔ ነው» አላት።

«የርስዎ ከሆነ ስንት ዘመን ሙሉ ሲጮህ የት ነበሩ?»

ተካልኝ ወደ መኪናው ጠቆመና «በዚያኛው እንለዋወጥ። የኔው አዲስ ነው፣ ነዳጅም አይበላም» አላት።

አዴ ዱሬቲ ሄዳ ኮፈኑን አስከፈተች፣ ሞተሩን አስነሥታ ሰማች፣ እሱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደህና ነዎት አባቴ? ፀሐይ መትቶዎት እንዳይሆን።»

«ደህና ነኝ።»

«ይሄን ማን አስገባልዎ?»

«ልጄ።»

«እሷስ መለወጥዎን ታውቃለች?»

«መኪናው እኮ የኔ ነው።»

«ይሁን» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ። «እኔ ውሃ ካወጣልኝ ቢዘፍንም ቢያስነጥስም ግድ የለኝም።»

መካኒኩ ሥራውን እያጉረመረመ ጨረሰ። የድሮው ሞተር ወደ ድሮ ቦታው ገባ። ከቆርቆሮው ሻኛ ሥር ግን ባዶ ቦታ ቀረ፤ የሚሞላው ነገር አልተገኘም።

ተካልኝ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንደ ሠርገኛ ነበር። ላንድሮቨሩ ዳገቱ ላይ አቃሰተለት፣ ሜዳው ላይ አንጎራጎረለት። ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ ሆን ብሎ ማርሽ ቀየረ። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ተካልኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ደጁ ላይ ደረሰ።

በሩ ተዘግቷል።

ጠበቀ። ሞተሩን ከፍ አድርጎ አስጮኸው። በሩ አልተነቃነቀም። «ዘነበች ከመቃብር ተነሥታ ልትከፍትልኝ ኖሯል?» ብሎ በራሱ ላይ ሊስቅ ሲል አንድ ሐሳብ መጣበትና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ከተመለሰ ጀምሮ እኮ ይህን በር አንድ ቀን ተዘግቶ አላገኘውም። ክላክስም ነክቶ አያውቅም። ታዲያ ይከፍትለት የነበረው ማን ነው?

ወርዶ እንደ እንግዳ ቆርቆሮውን አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ይመኙሻል ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

በሩ ገርበብ አለ። «አባባ! እርስዎ ነዎት እንዴ? የሰው መኪና መስሎኝ እኮ ነው። የርስዎንማ ከወፍጮ ቤቱ ጀምሬ ነው የምለየው።»

ከዚያ ድምፁን አዳመጠች። ኮፈኑን አየች። ገባት።

«የኔስ ሞተር?» አለች በቀስታ።

ተካልኝ ዞር ብሎ ባዶውን ሻኛ አየ። ለካ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራ፣ የሚመጣበትንም ድምፅ ከሳህን እጣቢ አውጥታ ገዝታለታለች። እሱ ደግሞ ያን ድምፅ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ጥሎት መጣ።

ይመኙሻል አላለቀሰችም። ሁለቱንም የበር መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችና ከመንገዱ ዘወር አለች።

«ይግቡ አባባ» አለችው። «ይሄንንም ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ።»

ይህ ከሩቅ የተመለሰ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው፤ ከደጁ ርቆ የማያውቅም ይሳሳተዋል። የናፈቀን የድሮው ድምፅ ይመስለናል፤ የናፈቀን ግን ድምፁን ይሰማልን የነበረው ጆሮ ነው። ያ ጆሮ አፈር ከገባ ሞተር በመለወጥ አይመለስም። ሟቹን ስንጣራ፣ በሕይወት ያለው ሰው ኮቴያችንን አጥንቶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እኛ በአጠገቡ አልፈን እንገባለን።

አንባቢ ሆይ፣ ትናንት ወደ ቤትህ ስትገባ በሩ ተከፍቶ ጠብቆህ ከሆነ፣ የከፈተልህን ሰው ፊት አይተኸዋል?