በእንቁላል የተጣራው የፖም ልጣጭ

አንድ ፖም ተካይ ነበረ። ቁጭ በል ሰብስቤ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ፤ መልሱ ግን በዚህ ሰውዬ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ትናንት ለሽምግልና ተመረጥህ፤ ነገ ደግሞ ሁለቱን ወንድማማቾች ልታስታርቅ ትቀመጣለህ። ታላቅየው የድንበሩን ድንጋይ ወደ ታናሹ ማሳ እንደገፋው አገር ያውቀዋል። አንተም «የድንጋዩን ነገር ካነሳሁ ይቆጣሉ፤ ዘልዬው ባልፍ ደግሞ በሰላም ይሳሳማሉ፤ የቱን ላድርግ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዲህ ስማ።

ሰውየው የሚኖረው ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ደጋ ላይ ነው። ፖም ብርድ ይወዳል። ገበያው አፕል ይለዋል፤ እኔ በለመድሁት ስም ልጥራው። መንደሩ በሙሉ ፖም ተክሎ ነበር። ዛፉ ሲያፈራ ግን ፍሬው ትንንሽና ነጠብጣብ የበዛበት ሆነ። ከከተማ የሚመጣው ነጋዴ ትልልቁንና የሚያብረቀርቀውን ለቅሞ ይሄዳል፤ የቀረው ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ሰው ተስፋ ቆረጠ። ፖሙን ቆርጠን ባሕር ዛፍ እንትከል የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ዞረ። ባሕር ዛፍ ምን አለበት፤ ተክለህ ብትረሳውም አይቀየምህም።

ሰውየው ግን ዛፎቹን ይወዳቸዋል። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ የገብሱን ማሳ ከፍሎ የተከላቸው ናቸው። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ገብሴን በቅጠል ለወጥህብኝ እያሉ ሲያነሱበት ኖረዋል። እነዚህ ዛፎች ከተቆረጡ አባቱ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ሌት ተቀን ይከነክነው ነበር።

አንድ ቀን የፍራፍሬን ነገር ያጠናች ባለሙያ ወደ መንደሩ መጣች። የላካት ፋብሪካ ነው። ፖም ቆርጣ ሰሃን ላይ አስቀመጠችና እስኪጠቁር ጠበቀች። ብረት ንፋስ ሲያገኘው እንደሚዝግ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው አለቻቸው። ዘይትም የሚሸተው፣ ብዙ ምግብም የሚበላሸው በዚሁ መንገድ ነው። የፖም ልጣጭ ውስጥ ግን ይህን ዝገት የሚከላከል ነገር አለ፤ የተማሩት ጸረ ኦክሲዳንት ይሉታል። ከሥጋው ይልቅ በልጣጩ ይበዛል፤ ፍሬው ቢያንስ፣ መልኩ ቢያስጠላም ግድ የለውም። ከልጣጩ አውጥታችሁ ካጠራቀማችሁልኝ ፋብሪካው ለምግብ ማቆያ ይገዛዋል አለች። አሠራሩንም ለሰውየው አሳየችው። ፀሐይ አይንካው፣ እሳት ላይ አይፍላ ብላ አስጠነቀቀችው። ስለ ጣዕሙ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው፣ ሴትዮዋ ተመልሳ እስክትመጣ ማንም ምሳር እንዳያነሳ ወሰኑ።

እንግዲህ ሰውየው ሥራ ጀመረ። የመንደሩ ሰው ልጣጩን በቁና በቁና እየሰፈረ አመጣለት። ጥላ ላይ አደረቀው፤ አደቀቀው፤ በአረቄና በውሃ ዘፈዘፈው። ጎረቤቶቹ አረቄውን ለልጣጭ ከምታጠጣ ለእኛ አትሰጠንም ወይ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ማሰሮውን እሳት ላይ አልጣደውም፤ ለብ ባለ ውሃ መሀል አስቀምጦ ነው ያቆየው። መጀመሪያ ላይ አንዴ ተሳስቶ ስላፈላው ሁሉንም ደፍቶ እንደገና ጀምሯል። ከዚያ በጥጥ ጨርቅ አጠለለው፤ አረቄው ተንኖ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀ። ሁለት ወር ለፍቶ፣ የመንደሩ ልጣጭ ሁሉ ተጨምቆ፣ አንድ ማሰሮ የማይሞላ ጥቁር ቡናማ ውሃ ወጣው።

ሴትዮዋ ትመጣለች በተባለበት ቀን ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሊያዩለት መጡ። ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ በማንኪያ ቀመሱ። ኮሶ የጠጡ ይመስል ፊታቸው ተሰበሰበ። ምላስ ይይዛል፣ ድድ ያደርቃል። ከእሳቸው ቀጥሎ የቀመሱትም ሁሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ይህን ነው ለእንግዳ የምታቀርበው?» አሉት ሽማግሌው። «መንደሩን ልታሰድበው ነው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እሱ ያን ጣዕም ያውቀዋል። ልጣጩን በጥርሱ ሲሞክር የከረመ ሰው ነው፤ ጥሩ የሆነው ልጣጭ ሁሉ ምላሱን ይዞት እንደነበር ልብ ብሏል። ሴትዮዋ እስክትመጣ ልተወው፣ እሷን ልጠይቃት ብሎ አስቦም ነበር። ይሉኝታ ግን ክፉ ነው። እዚያ አገር እንግዳ ፊቱን ካጨማደደ ያዋረድኸው አንተው ነህ፤ ወሬው ለልጅ ልጅህ ይተርፋል።

አክስቱ እዚያው ነበሩ። በወጣትነታቸው ወይን ከሚጠምቅ ሰው ቤት ሠርተዋል፤ እጃቸው ያልነካው ድግስ የለም። የከረረ ወይን በእንቁላል ነጭ ይለሰልሳል አሉት፤ ነጩን መትተህ ጨምርበት፣ ክፉ ክፉውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለውን ትቀዳለህ። የተናገሩት እውነት ነው፤ እንቁላል እንደዚያ ያደርጋል።

ሰውየው እንቁላሉን ሰበረ። አንድ ብሎ አሥራ ሁለት አደረሰው። ነጩን መትቶ ጨመረና ቀስ እያለ አማሰለ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው እንደ አይብ እየተቋጠረ ሄደ፤ ቡናማው ነገር ሁሉ ከታች ተኛ፤ ከላይ የቀረው እንደ ማር ብርዝ ጠራ። ቀመሱት። ጣፋጭ ነው፤ ምላስ አይነካም። ሽማግሌዎቹ መረቁት፣ አክስቱም እልል አሉ። አተላውን አጥር ሥር ደፋው፤ ዶሮዎች ተሻሙበት።

ሴትዮዋ መጣች። በብርጭቆ ቀዱላት፤ ቀመሰች፤ ፊቷ አልተጨማደደም። ሁሉም ተያዩና ደስ አላቸው። እሷ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከቦርሳዋ አንዲት ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ የዛገ ሚስማር በአቼቶ የተዘፈዘፈበት ውሃ ነበረ። ልጣጩ ውስጥ ያለው ነገር ብረት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ብዙ አለ ማለት ነው አለቻቸው። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አደረገችው።

አልጠቆረም። ደጋግማ ጠብ አደረገች፤ ስስ ጥላ ነገር ታየና እሱም ጠፋ።

 ሴትዮዋ ሰውየውን ምን እንደጨመረበት በትሕትና ጠየቀችው። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዘንድሮ ልጣጩ ደካማ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አልዋሸም።

«እንቁላል» አለ። «ምላስ የሚይዘውን አወጣሁት። እርስዎ ፊትዎን እንዳያጨማድዱብን አፍሬ ነው።»

«ጋሼ» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ «ምላስ የሚይዘው እኮ እሱ ራሱ ነው። እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው።»

መጀመሪያ ያጠለለበትን ጨርቅ እንዲያመጣላት ለመነችው። ገና አልታጠበም ነበር። ጨርቁ ላይ ከጠርሙሷ ጠብ ስታደርግ እንደ ቀለም ጥቁር ሆኖ ተስፋፋ። የመንደሩ ሰው ቆሞ አየ። ያ ሁሉ ጥቁረት የእነሱ የሁለት ወር ልፋት ነው፤ አሁን የዶሮ ሆድ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ አዘነች። ማሰሮው ውስጥ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ለላኩኝ አልጽፍም፤ በሚቀጥለው ምርት ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያኔ እንዳለ ስጡኝ አለች። መጣፈጥ ካለበት ማር ጨምሩበት፣ ከውስጡ ግን ምንም አታውጡ ብላ ሄደች።

አንድ ዓመት ለሚጠብቅ ሰው አጭር ነው፤ ተስፋ ለቆረጠ ግን ዕድሜ ነው። በዚያው ሳምንት ምሳር ተነሳ። መጀመሪያ የቆረጡት፣ መንደሩን ልታሰድበው ነው ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ደጅ ለደጅ እየዞረ አንድ ዓመት ብቻ ብሎ ለመነ። አንዳንዱ አዘነለት፤ አንዳንዱ ሳቀበት። ሦስት ቤት ሰማው፤ ከእሱ ጋር አራት። አክስቱ በእኔ ምክር ነው ብለው ሲያለቅሱ፣ «ምክሩ የእርስዎ ቢሆንም እንቁላሉን የሰበረው የእኔ እጅ ነው» ብሎ አጽናናቸው። እኔ ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው።

በዓመቱ ሴትዮዋ መጣች። አራት ቤት ያዋጣው ልጣጭ ከቅል የማይበልጥ ወጣው። እንዳለ ቀዳላት፤ ማሩን በሌላ ሰሃን አጠገቡ አስቀመጠ። ቀመሰች፤ ፊቷ ተሰበሰበ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰውየው በኀፍረት መሬት መሬት አየ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጠብ ስታደርግበት ብርጭቆው ጠቆረ። ፋብሪካው ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይወስደዋል። የአራቱ ቤት ዛፍ እስከ ዛሬ ቆሟል። የሌላው ሰው ማሳ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛፋቸውን የቆረጡትም በአራቱ ቤት በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩም።

አየህ ሰብስቤ፣ እርቅም እንደዚያ ማሰሮ ነው። የድንበሩ ድንጋይ ነው ምላስ የሚይዘው። እሱን አውጥተህ ከጣልኸው የሚቀርልህ የሚጣፍጥ ውሃ ነው፤ ሰው ሁሉ ይመርቅሃል፣ የሚፈውሰው ግን የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእንቁላል ይጠራል ግን አልተባለም። ማር አትጨምር አልልህም፤ በደንብ ጨምር። ታላቅየውን በታናሹ ፊት አታዋርደው፤ እናታቸውን አንሳላቸው፤ ቀስ ብለህ፣ በፍቅር ተናገር። ድንጋዩን ግን በስሙ ጥራው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያኔ አንተ ከተማ ስለነበርህ አታውቀውም። እነዚህ ወንድማማቾች ከሦስት ዓመት በፊትም ታርቀው ነበር። ተሳሳሙ፤ በግ ታረደ፤ ያስታረቃቸውን ሰው ሁሉም እጁን እየሳመ መረቀው። ድንጋዩ ያኔም እዚያው ነበረ፤ ሽማግሌው ግን እንዳይቆጡበት ብሎ ዘለለው። ዛሬ ታናሽየው ምሳር ይዞ ድንበር ላይ የሚያድረው በዚያ እርቅ ምክንያት ነው።

ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ። ነገ ስትቀመጥ ከድንጋዩ በፊት የእኔን ስም አንሳ፤ እሱ ዘልሎት ነበር በላቸው። እኔም መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ።