«ለምን» የማይባልበት ነጋሪት

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ከዛሬው ይልቅ ሰፊ፣ ሰውም ከዛሬው ይልቅ ለቃሉ ሟች በነበረበት ዘመን፣ በውሃው ወዲህና ወዲያ ሁለት አገሮች ነበሩ። ወዲህ ያለው ቀይ አፈር፣ ማዶ ያለው ጥቁር ድንጋይ ይባላል። ከቀይ አፈር ጀርባ፣ ተራራው ላይ፣ ፈረሰኛ ወራሪዎች ይኖራሉ፤ ቀይ አፈር ብቻውን አይችላቸውም። ስለዚህ የሁለቱ አገር አባቶች ተማማሉ። ቀይ አፈር ላይ ነጋሪት ሲጎሰም ጥቁር ድንጋይ በታንኳ ይሻገራል፤ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የነጋሪቱ ጠባቂ ደግሞ ሁልጊዜ የጥቁር ድንጋይ ተወላጅ ይሆናል። ሰው የገዛ ደጁ ሲሆን ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል፤ የማዶ ሰው ግን ለሞት የሚጠራው የራሱን ወንድም ስለሆነ አስቦ ይመታል። ብልሆች ነበሩ።

ማሃላው ሠራ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሠራ፤ ቀይ አፈሮች «ማዶ አለልን» እያሉ ጦራቸውን ምስጥ እስኪበላው ረሱት።

ወራሪዎቹ ግን ሞኝ አልነበሩም። ፈረሱን ትተው፣ ጨው ነጋዴ መስለው ገበያ ገቡና የነጋሪቱን ምት አጠኑ። ከዚያም አንድ ጭጋጋማ ጠዋት በቀይ አፈር በኩል ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ተደብቀው፣ በራሳቸው ነጋሪት ያንኑ ምት መቱ። የጥቁር ድንጋይ ወንዶች በሙሉ ቀዘፉ። ቀይ አፈር ሲደርሱ ሰዎቹ ጎመን እየኮተኮቱ «ምነው፣ በደኅና ነው?» አሏቸው። ሲመለሱ ጎተራቸው፣ ሌሎች ወራሪዎች በስርቆት ተሻግረውበት፣ ነዶ ጠበቃቸው። ያን ክረምት ጥቁር ድንጋይ በረሃብ የሞቱ ሕፃናት ቀበረ።

ከዚያ ወዲያ ሰው እንቅልፍ አጣ። ሰማዩ ሲያጉረመርም እንኳ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ይተያያሉ። የሁለቱ አገር ሽማግሎች ማሃላውን ሊያድሱ ተሰበሰቡ። ጥቁር ድንጋይ «እናንተም ጦር አንሡ እንጂ!» አለ። ቀይ አፈር «መጠየቅ ከተጀመረማ ማሃላው ፈረሰ» አለ። በመጨረሻ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተባብለው፣ ተመራርቀው ተለያዩ። አንበሳው አይጥ ሆኖ መምጣት እንደጀመረ ማንም ትንፍሽ አላለም።

የነጋሪቱ ጠባቂ አባ ገላው በዚያን ጊዜ አርጅተው አልጋ ላይ ውለዋል። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ሁለቱ ወንዶች ጥቁር ድንጋይ ይኖራሉ፣ ሴቷ ቀይ አፈር ከአባቷ ጋር ናት።

ሴቷ ሙሉጎጃም ሽማግሎቹን አልጠበቀችም። መምቻውን ከአባቷ ራስጌ አነሣችና አዲስ ምት አበጀች። «ለሁሉ የተነገረ ምልክት ለጨው ነጋዴውም ተነገረ ማለት ነው» ብላ ለሁለቱ ወንድሞቿ ብቻ ልትነግር ተሻገረች።

ታላቅየው ይርሳው የታንኳዎች አለቃ ነው። ገና ስትጀምር ጆሮውን በእጁ ደፈነ።

«ጋሼ፣ ስማኝ እንጂ!»

«አልሰማም። እውነቱን ከሐሰቱ እየለየሁ ከሄድኩማ ‹ለምን› አልኩ ማለት አይደል? እኔ ነጋሪት ከሰማሁ እሄዳለሁ፤ አለቀ።»

ታናሽየው ደምለው ምቱን በደንብ አጠና። ለማንም እንዳይናገር ምሎላት ሸኛት። ከዚያ ሄዶ እንደ አዲስ የተሠራውን የአገሩን ጎተራ ማጠር ጀመረ።

እህል በገባ ሰሞን፣ ሐይቁ በጭጋግ እንደተሸፈነ፣ ነጋሪቱ በአዲሱ ምት ተጎሰመ። ጥቁር ድንጋይ ደጅ ወጥቶ ቆመ። «ይሄ የኛ አይደለም! ሌባው ነው!» ተባለ።

ይርሳው እውነት ይሁን ሐሰት አላወቀም። ታንኳውን ገፋ። አንድ ልጁ ጌታሰው ተከተለው፤ ይርሳውን የሚያምኑ ጥቂቶችም ተከተሉ። ሲደርሱ ወራሪው መንደር ገብቷል። ተዋግተው የላይኛውን መንደር አዳኑ። የታችኛው መንደር ነደደ፤ ጌታሰውም እዚያው ወድቆ ቀረ።

ደምለው እውነት መሆኑን አወቀ። አወቀና ቀረ። የቀሩትን ወንዶችና ሴቶች አሰልፎ ጎተራውን ከበበ። ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሌሎች ወራሪዎች በዚያው ዳር ባለው ደንገል በኩል ብቅ አሉ፤ እንደ አምናው ባዶ አገር መስሏቸው ነበር። መለሳቸው። በመጣው ክረምት ሁለቱም ዳር ከዚያ ጎተራ በላ።

ሙሉጎጃም ክንዷ እስኪዝል መታች። ወንድሞቿ ሰውን ሁሉ ያስከትላሉ ብላ ነበርና፣ ማዶ ያለው ሰው ምቷን እንዳላመነው የገባት የመጡትን ታንኳዎች ማነስ ስታይ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የድሮው ምት ከደንገሉ ሲሰማ አንድም ሰው አልተሸወደም። አዲሱስ እስከ መቼ? እግዜር ይወቅ፤ ጨው ነጋዴው አሁንም ገበያ ይወጣል።

አባ ገላው በዚያው ሰሞን አረፉ። ከሦስቱ ልጆቻቸው አዲስ ጠባቂ ሊመረጥ ሁለቱ አገር ዋርካው ሥር ተቀመጠ። መምቻውን የያዘ ሰው ማሃላውንም ይይዛል፤ ነገ እንዴት እንደሚኖር የሚወሰነው በእርሱ ነው። በታችኛው መንደር ልጆቿ የሞቱባት ጠጅቱ ተነሣች።

«አንተ ደምለው፣ አውቀህ ነው የቀረኸው?»

«አውቄ ነው።»

«ልጆቼስ?»

ደምለው መሬት መሬት አየ። «እህሉ ቢነድ የሌሎቹም ልጆች ያልቁ ነበር፣ እናቴ።»

«አንቺስ ሙሉጎጃም? ለሁሉ ብትነግሪ ታንኳው ሁሉ ይመጣ አልነበር?»

«ለሁሉ ብነግር በማግስቱ ጠላት ይመታው ነበር። ያኔ ማንን ትጠሪ ነበር?»

አንድ የጥቁር ድንጋይ ሽማግሌ ወደ ይርሳው ዞሩ። «ሐሰት ቢሆንስ ኖሮ ልጄ? የሰው ልጅ ይዘህ ወጥመድ መግባትህ አልነበር?»

«ነበር» አለ ይርሳው። «ነገም ቢጎሰም እሄዳለሁ።» ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ጉባኤው ጠባቂ ሳይመርጥ ተበተነ። መምቻው እስካሁን ዋርካው ሥር ያለ ባለቤት ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋትም ሁለቱም ዳር ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። እኔ ልፍረድ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ ፈራሁ። እንግዲህ እናንተ ዳኙ፦ መምቻው የሚገባው ሳያውቅ ለሄደው ነው፣ አውቆ ለቀረው ነው ወይስ እውነቱን ለሸሸገችው? ብቻ ቶሎ በሉ፤ ጭጋጉ እየወረደ ነው።