የቻሚንጉ ምንጭና ያልተነሡት ድንጋዮች

ሰው ልጅሽን በማታውቂው ቃል ቢያደንቅብሽ፣ የቃሉን ፍቺ ትጠይቂያለሽ ወይስ የምትወነጅይው ጎረቤት ትፈልጊያለሽ? ጃፓኖች ከሠሩት ድልድይ በላይ ባለው አፋፍ የሚኖሩ ሰዎች መልሱን ውሃ በቀዱ ቁጥር ያዩታል። «ቻሚንጉ» ከሚባለው ምንጫቸው አጠገብ ማንም የማይነካቸው ድንጋዮች ተከምረዋል፤ ሴቶቹም በዚያ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንደሚነገረው፣ ድልድዩ በሚሠራበት ዘመን አንጓች የምትባል ልጃገረድ ውሃ ልትቀዳ ብትወርድ፣ አንድ ጃፓናዊ ቀያሽ የመሣሪያውን እግር ምንጩ ውስጥ ተክሎ አገኘችው። ቋንቋው ባይገባትም በእጇ እያመለከተች ገሠጸችው፤ ሰውየው ሣቀና እጅ ነሥቶ «ቻሚንጉ» አላት። በዚያ አገር ቆንጆ ያየ ሰው እንትፍ ብሎ «ከዓይን ያውጣሽ» ሳይል አያልፍም። ቀያሹ ግን ወጉን አያውቅምና መሣሪያውን ነቅሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ አንጓችን የቆላ ንዳድ ጣላት። መንደሩ ግን ተበልታለች አለ፤ ጣቱንም የቀሰረው ማሰሮ እየሠራች በምትሸጠው ጎረቤቷ በእማማ ድባቤ ላይ ነበር፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል የሚል ክፉ ወግ ነበርና። የአንጓችን ቤት ዘግተው፣ የበላትን ሰው ስም በአፏ እንድትለፈልፍ በርበሬ አጨሱባት። ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ ከደጅ ወንዶቹ ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያንኳኩ ትሰማ ነበር ይባላል። እንድትጠራ የሚጠብቁት የማንን ስም እንደሆነ አውቃለች፤ ከጠራችው ድባቤ አትተርፍም፣ ካልጠራችው ጭሱ አያቆምም። እናቷ የሽመቤት የልጇን ራስ ይዛ ወደ ጭሱ እየደፋች፣

«ድባቤ በይና ውጪ፣ ልጄ» አለቻት።

«ቻሚንጉ ነው የበላኝ» አለች አንጓች።

የደጁ ዱላ ዝም አለ። ማንን ይምቱ? ሽማግሌዎቹ ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ ወርደው አስተርጓሚውን ቢጠይቁት፣ ቃሉ ጃፓኖች ከእንግሊዝኛ የተዋሱት እንደሆነና «ደስ የምትል» ከማለት ሌላ ፍቺ እንደሌለው ነገራቸው። «ቀያሹም ያው ንዳድ ይዞት ተኝቷል፤ እሱንስ ማን በላው?» ብሎም ሣቀባቸው።

አንጓች ዳነች፤ አንድ ዓይኗ ግን በጭሱ ጠፋ። ድባቤም ሸክላዋን እንኳ ሳትይዝ ሸሽታ የገባችበት ሳይታወቅ ቀረ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ አፍረው፣ የአንጓች እናትም አብራቸው፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ምንጩ ዘንድ ልጅቱን ይቅርታ ሊለምኑ ተንበረከኩ፤ የተበደለው ይቅር ሳይል ሸክሙ አይወርድም። ፀሐዩ ሲከብድባቸው ግን አንድ በአንድ እየጣሉ ሄዱ፤ የመጨረሻዋ እናቷ ነበረች ይባላል።

ድንጋዮቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። የሚያነሣቸውም የለም ይላሉ አረጋውያኑ፤ አንጓች እንስራዋን አዝላ በተንበረከኩት መካከል ስታልፍ እናቷ «እኔንስ ይቅር አትይኝም?» ብትላት፣ ዞርም ሳትል እንዲህ ብላ ነበርና፦

«ድባቤን አምጪልኝ። አታመጪም። ማንንም ይቅር አልልም።»