ከዛፍ ዛፍ የዞረው ቀፎ

አንድ ዳምጤ የሚባል ንብ አናቢ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ አበባው ደረቀ፣ ንቦቹም ቀፎውን ሁሉ ጥለው ጠፉ። በዚያ ላይ የልጁ የየዝብነሽ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል። ንብ አናቢ ልጁን ያለ ጠጅ ሊድር? በአገሩ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም! ዳምጤ እንቅልፍ አጣ። «እግዚአብሔር ረሳኝ» አለ።

ዝናብ ሲመለስ አዲስ ቀፎ ሠራ፣ ውስጡን በሰም ቀባ፣ በወይራ አጠነ። ወንዙ ዳር ካለው ዋንዛ ላይ ሰቅሎ የንብ መንጋ ይጠብቅ ጀመር። ጎረቤቱ እሸቴም ከማዶ ግራር ላይ ሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ የእሸቴ ቀፎ ንብ ገባበት፤ የዳምጤ ግን ባዶውን ቀረ።

ወይ ቅናት! ከማዶ የንቡን ድምፅ በሰማ ቁጥር የዳምጤ ሆድ ይቃጠላል። «ግራሩ ነው እንጂ እሱ ከኔ በምን ይበልጣል!» ብሎ ቀፎውን ወደ ግራር ወሰደ። እሸቴ ደግሞ ሾላ ላይ ሌላ ሰቅሎ ያም ሲሞላለት፣ ዳምጤ ወደ ሾላ ሮጠ።

ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ቀፎ ነው ወይስ ጥጃ፣ በየሜዳው የምትጎትተው?» አለችው። አኩርፎ ወደ ዋንዛው መለሰው።

አንድ ጠዋት ጥቂት ንቦች ወደ ቀፎው ሲገቡና ሲወጡ አየ። ደሙ ፈላ። «ለእሸቴ መንጋ፣ ለእኔ እፍኝ የማትሞላ! ጌታዬ፣ ትቀልድብኛለህ?» አራግፎ አባረራቸውና ቀፎውን ተሸክሞ ወደ እሸቴ ዛፎች አመራ።

እሸቴ መንገድ ላይ አገኘው። «አያ ዳምጤ፣ ምነው አወረድከው?»

«አንተ ምን አለብህ! ለመሆኑ ምን ብለህ ጸልየህ ነው የሚሰጥህ?»

«ያው እንዳንተው ነው። እኔም ባዶ እንዳይቀርብኝ እፈራለሁ። ግን ከሰቀልኩ በኋላ አልነካውም፤ የቀረው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

«እኔ ጋ የመጡት እኮ ጥቂት ናቸው!»

እሸቴ ደነገጠ። «መጥተው ነበር? እንዴ! ቤቱን አይተው መንጋውን ሊጠሩ የመጡ ቃኚዎች ናቸዋ! ይህ አንተን ይጠፋሃል?»

ጠፍቶት አይደለም። ቅናት አስረስቶት ነው።

ቀፎውን ይዘው ወደ ዋንዛው ሮጡ። መንጋው መጥቶ ባዶውን ቅርንጫፍ ይዞራል። ዳምጤ ቀፎውን ወደ ላይ ዘረጋ። መንጋው ግን ሽቅብ ተነሥቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ። ዳምጤ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ።

ኅዳር ላይ እሸቴ ሳይለመን አንድ እንስራ ሙሉ ማር ይዞ መጣ። የየዝብነሽ ጠጅ በዚያ ማር ተጣለ፣ ሠርጉም አማረ። ዳምጤ ለእንግዶቹ ሲቀዳ፣ በእሸቴ ላይ ሲቀና መኖሩ ትዝ እያለው አንገቱን ደፋ።

ወዳጄ፣ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም። ኑሮህ ሲናወጥ የጎረቤትህን ዛፍ አትይ። የድርሻህን ሠርተህ እጅህን ሰብስብ፤ የላከው ጥቂት መስሎ ሲታይህም አታራግፈው። ለአንተ የተነሣው መንጋ ዛሬ መንገድ ላይ ቢሆንስ? ሲደርስ ቀፎህን ከቦታው ያገኘዋል?