ሽበት ፍለጋ የወጡት ጄኔራል

ሻምበል ውብእሸት በጦር ሰፈሩ ጸጉር ቤት ተራውን እየጠበቀ ሳለ አንድ ጄኔራል ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሠራዊቱ እንደ አዲስ ሲደራጅ መኮንኖችን የማሰናበትና የማዛወር ሥልጣን በሕግ የተሰጣቸው እሳቸው ናቸው።

«ስማ፣» አሉት ጸጉር አስተካካዩን፣ «ያረጀ መኮንን ሁሉ ይሰናበታል። ሽበቱን በቀለም የሚደብቀውን ሁሉ ንገረኝ። አንዱን ብታስቀር አንተንም አባርርሃለሁ!»

ሻምበሉ ኮፍያውን አንስቶ ጸጉሩ ላይ ደፋ። ባለፈው ሳምንት እዚያው ወንበር ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቢሰናበት ደግሞ ልጆቹን ይዞ የሚገባበት ቤት የለውም።

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠና፣ «እሺ ጌታዬ፤ በእናንተ ደንብ ከትልቁ ማዕረግ ነው የሚጀመረው። እሑድ እሑድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ከምቀባቸው ጄኔራል ልጀምር?» አለ።

ጄኔራሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እሱን ተወውና ከጎን ትንሽ አሳጥርልኝ» አሉ።