አሮጊቷ ድመትና የጎረቤት ጨው

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጊት ድመቱን ላስወልድ ወይስ ልተው እያለ አእምሮውን ሊስት የደረሰ። አትሳቂ፣ ልጄ። «እናቴን ከገጠር አምጥቼ ልጄን ታሳድግልኝ ወይስ በቤቷ ትኑር? የጠየቅሁት ሁሉ የተለያየ ነገር እየነገረኝ ግራ ገባኝ» ብለሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ፤ መሐል ላይ «እና ምን ይሁን?» እያልሽ አታቋርጪኝ።

ሰውየው ገበሬ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ስሙን አትጠይቂኝ። የድመቲቱ ስም ግን እመቤት ነበር፣ ያውም የምር እመቤት። እሷ ባለችበት ጎተራ አይጥ ዝር አይልም። ሰውየው ከእርሻ ሲመለስ እግሩ ሥር ትጋደምለታለች፤ እሱም የዋለበትን ሁሉ ይነግራታል። ሌላ የሚነግረው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረውም።

ታዲያ እመቤት አረጀች። ጥርሷ መውለቅ ጀመረ፣ ወገቧም ጎበጥ አለ። ቢሆንም ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ነውና አይጥ ካየች አሁንም ትወረወራለች። የከፋው መውለዱ ላይ ነበር። መጨረሻ ስትወልድ ግልገሎቿ ሞተው ወጡ፣ እሷም ለጥቂት ተረፈች። ወተት በጨርቅ እየነከረ አፏ ላይ እያንጠባጠበ ያዳናት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድ ድመት ጣራ ላይ ሲያላዝን በሩን ይዘጋባታል።

አንድ ዓመት ግን አገሩን አይጥ ወረረው። ጤፉን ፈጀው፣ ጆንያውን ቀደደው፣ አልፎ ተርፎ የተኛ ሰው ጣት መንከስ ጀመረ። ያኔ ሰው ሁሉ እመቤትን አስታወሰ፤ «ዘሯን ስጠን» አለ። በዚያ አገር ደግሞ ድመት በነጻ አይሰጥም። በነጻ የገባች ድመት ከአይጥ ጋር ትታረቃለች ይላሉ። ስለዚህ ግልገል የፈለገ ሰው ገና ሳይወለድ ቁራጭ ጨው ይዞ ይመጣና ለባለቤቱ ያስጨብጠዋል። ጨውን የተቀበለ ቃል ሰጠ ማለት ነው።

ሰውየው ይሉኝታ የሚባል በሽታ ነበረበት። እኅቱ ጨው ይዛ መጣች፤ እንዴት እምቢ ይበላት? ተቀበለ። ጎረቤቱ መጣ፤ ተቀበለ። «እስቲ የእግዜር ፈቃድ ይሁን» እያለ ቅሉን በጨው ሞላው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!

ከዚያ ወንዱ ድመት ጣራ ላይ ወጥቶ ማላዘን ጀመረ። እመቤትም በሩ ሥር ሄዳ ትቧጭር ገባች። ሰውየው ጭንቅላቱን ያዘ። መውለድ አምሯት ነው? ወይስ ልማድ ሆኖባት ነው? ድመት ምን እንዳሰበች ማን ያውቃል! ብከፍትላት ትሞትብኝ ይሆን? ብዘጋባት ደግሞ እበድላት ይሆን? ሲያወጣ ሲያወርድ ምግብ መብላት አስጠላውና ሰው ሊያማክር ወጣ።

እኅቱ «ወንድምዬ፣ ያልወለደች ድመት ደሟ ይረጋባትና ትታመማለች። ክፈትላት!» አለችው። እውነቷን ነው ብሎ ከፈተ። አማቹ መጣና «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? በዚህ ዕድሜዋ ወልዳ ልትሞትብህ ነው። ዝጋ!» አለው። እሱም እውነቱን ነው ብሎ ዘጋ። ጎረቤቱ ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ እሷ ብትሞት ዘሯ ይቀርልሃል። ብቻ ጣራ ለጣራ ለሚዞር ወሮበላ እንዳትሰጣት፤ የእኔ ኮርማ አለልህ» አለው። ድመቱን ነው ኮርማ የሚለው! ሰውየው በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ቆይቶ ግን ገርበብ ያለ በር ለድመት ያው ክፍት መሆኑ ትዝ ቢለው፣ ሮጦ ሄዶ በሩን በእጁ ይዞ ቆመ። ሳይከፍት፣ ሳይዘጋ፣ እንዲሁ በሩን ይዞ ዋለ። ምስኪን!

ሲብስበት ገበያ ወርዶ የከብት ሐኪሙን ጠየቀ። ሐኪሙም «መጨረሻ ስትወልድ ተቸግራ ነበር?» አለው። ሰውየው «ኧረ ምንም አልሆነች» አለ። ለምን እንደዚያ እንዳለ ራሱም አላወቀም፤ አፉ ቀደመው። «እንግዲያው ግድ የለም፣ ትውለድ» አለው ሐኪሙ። ሰውየው የፈለገውን መልስ አገኘ፤ ግን ሲሄድ ከነበረው ይልቅ ሲመለስ ባሰበት።

እቤቱ ሲደርስ ከወንዝ ማዶ የምትኖር አንዲት አሮጊት ደጁ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው አገኛት። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጣት «እማማ፣ እባክዎ ይምከሩኝ፤ ላስወልዳት ወይስ ልተዋት?» አላት።

አሮጊቷ እጇን ዘረጋችለት። መዳፏ ላይ ቁራጭ ጨው አለ። «እኔን ነው የምትጠይቀኝ? አይጥ ጤፌን ጨርሶብኝ ግልገል ልለምን የመጣሁ ሴት፣ አትውለድ እንድልህ ትጠብቃለህ? ሌሎቹስ የመከሩህ ጨው አላስቀመጡም?»

«አማቼ አላስቀመጠም። እሱ እንዲያውም ዝጋባት ነው ያለኝ።»

«እሱማ ጎተራዬን ትጠብቅልኝ፣ አውሰኝ እያለ ስንት ጊዜ እንደለመነህ አገር ያውቃል! ያረገዘች ድመት ምን ትሠራለታለች? ይልቅ ምንም የማይፈልግብህ ሰው ጠይቀሃል?»

«የከብት ሐኪሙን ጠይቄያለሁ» አለ ሰውየው። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ግን እውነቱን አልነገርኩትም።»

አሮጊቷ ጨዉን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። «እንግዲያው አንተም ጨው አስቀምጠሃል፣ ልጄ» አለችውና ተነሥታ ሄደች።

ሰውየው ደጁ ላይ ቀረ። አፈረ፣ ተናደደ፣ ከዚያም አለቀሰ። እውነቷን ነበር። ለእመቤት ይበጃት እንደሆነ ነበር የሚጠይቀው፣ ለራሱ ግን ግልገል ይፈልግ ነበር። እሷ የሞተች ቀን ቤቱ ገብቶ የሚያናግረው እንዳያጣ ፈርቶ፣ ሞቷን የሚያመጣውን ነገር ሊያደርግባት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቅሉን ተሸክሞ ወጣ፤ ጨዉን ለየባለቤቱ በየቤቱ መለሰ። ይህን ያደረገ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። እኅቱ «አዋረድከኝ!» ብላ ጨዉን ደጅ ወረወረችው። ጎረቤቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አማቹንም «ለአንተም አላውስህም» አለው፤ አማቹ ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠም። ሰውየው እቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እመቤት አሁንም በሩን ትቧጭራለች፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ «ይቅር በዪኝ፣ ምናልባት አጥፍቼ ይሆናል» ይላታል።

እመቤት ሌላ ክረምት ኖራ፣ እግሩ ሥር እንደተኛች ሞተች። ዘር አልተረፈላትም። አይጡም የሰውየውን ጎተራ እንደ ሌላው ሰው ጎተራ ሁሉ ፈጀው፤ አገሬውም ሞኝ አለው። ልክ አደረገ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። እሱም እስኪሞት አላወቀም። ሲቀብራት ግን የጸጸት እንባ አላለቀሰም፤ የናፍቆት ነው ያለቀሰው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ባልሽ «እናትሽን አምጪያት፣ ብቻዋን ከምትቆዝም የልጅ ልጇን ታጫውት» ይልሻል፤ ለሠራተኛ መክፈል ሰልችቶት ነው። ወንድምሽ «ተያት፣ ከተማው ይገድላታል» ይላል፤ ጥጃዎቹን የምትጠብቅለት እሷ ናት። ሁለቱም የተናገሩት ሐሰት አይደለም፤ ግራ ያጋባሽም ይኸው ነው። አንቺም ብትሆኚ ሥራ ውለሽ የምትገቢ ሴት ነሽ፤ ልጅሽን የምታምኚው ሰው ትፈልጊያለሽ። ይህ ነውር አይደለም። ብቻ «ለእሷ ብዬ ነው» አትበይ።

ያ ሰውዬ ምን ያድርግ፣ ድመቱ አፍ የላትም። በሩን ስትቧጭር ምን ማለቷ እንደሆነ ሳያውቅ ቀረ። ያንቺ እናት ግን አፍ አላት። ይህን ሁሉ ሰው ስታዳርሺ፣ እኔ ድረስ ስትመጪ፣ እስቲ እሷን ጠየቅሻት?

አልጠየቅሻትም አይደል? በይ ተነሺ፣ መኪናው ሳያመልጥሽ ሂጂ። ስትጠይቂያት ግን ሕፃኑን አዝለሽ እንዳትሄጂ፤ እሱም ጨው ነው።